የታዩበት ቀን

ግብር ሰብሳቢ ደብተር የሌለው ነጋዴ ሲያጋጥመው ዙሪያውን ያነባል። ስንት ሣጥን ቢራ ገባ? ኪራዩ ስንት ነው? ስንት ሠራተኛ አለ? እኔም ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር «ያልተጻፈውንም አንብቡ» እያልኩ ተማሪ ሳሰለች የኖርኩ ሰው ነኝና ዘዴውን አልነቅፈውም። አል ካፖኔ እንኳ በ1931 እ.ኤ.አ. የተፈረደበት በሽፍትነቱ ሳይሆን፣ ካወጣው ወጪ ተነስተው ገቢውን ባሰሉ የግብር ሰዎች ነው። ቪላ ገንብቶ «ከሰርኩ» የሚል እኛም ጋ ሞልቷል።

ችግሩ የታዩበት ቀን ነው። በ2009 ዓ.ም. «የቀን ገቢ ግምት» ሲካሄድ ገማቾች ሱቅ ለሱቅ ዞረው የአንድ ቀን ሽያጭ ገመቱ፤ የቀኑም በዓመት ተባዛ። ሐምሌ ላይ ውጤቱ ሲነገር አምቦና ወሊሶ ሱቅ ዘጉ። ደባርቅ ጠላ የሚሸጡ አንዲት እናት የዚያን ዓመቱን ሲያጫውቱኝ፣ «ገበያ ቀን መጡብኝ ወንድምዓለም! ቤቱ ጢም ብሏል። ጣሳ ቆጥረው ሄዱ። በማግስቱ ቢመጡ እኮ እኔና ድመቷ ብቻ ነበርን» አሉኝ።

ስሜን ላይ ገቢ ወቅት አለው። በበጋ ቱሪስት ሲመጣ ከደባርቅ እስከ አምባራስ በቅሎ አከራዩም፣ መንገድ መሪውም፣ ሻይ ቤቱም ቀና ይላል። ክረምት ሲገባ ጭጋግ ነው። ጥር ላይ ገንዘብ ስታመጣ የታየች በቅሎ ሐምሌ ላይ ሣር ትበላለች፣ በቃ።

አያቶቻችን ይህን ያውቁታል። የአሥራት ገማች ሰብሉን በማሳው ላይ ሳለ በዓይኑ ይመዝነው ነበር። እሱ ሳያይ ማጨድ የለም፤ ገበሬው ዝናብ እንዳይቀድመው ገማቹን በዶሮና በጠላ ይለማመጣል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣ ጎጃም ጠመንጃ እስከ ማንሳት የደረሰው ርስቴ ይለካብኛል ብሎ ጭምር ነው።

ሕጉ ጨርሶ በር አልዘጋም። በ2008 የወጣው የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ለቅሬታ 21 ቀን ሰጥቷል፤ ወደ ይግባኝ ኮሚሽን ለሚሄድ ግን ከተከራከረበት ግብር ግማሹን አስይዝ አለ፣ ስህተቱንም የማስረዳት ሸክም በግብር ከፋዩ ላይ ጣለ። ታዲያ ያልተሸጠ ጠላ በምን ይረጋገጣል? ላልመጣ ሰው ደረሰኝ አይቆረጥ!

እኚያ እናት ግን ከዚያ ወዲህ የልጅ ልጃቸውን በትምህርት ቤት ደብተር ማታ ማታ የተሸጠውን ያስጽፋሉ። አሳዩኝ። አንዳንዱ ገጽ ላይ ያለው ቀኑ ብቻ ነው።