አባ ያሬድ የት ነው?

ዛሬ የማጫውታችሁ አንድ ተራራ ፍለጋ ምን ያህል እንደደከምኩ ነው።

ባለፈው ታኅሣሥ የኅብረተሰብ ትምህርት መምህራችን "አያቶቻችሁ የተወለዱበትን ቦታ ጠይቃችሁ ኑ" ብለው የቤት ሥራ ሰጡን። እኔም እምዬን ጠየቅኳት። እምዬ ጎንደር ከተማ ከገባች ብዙ ዓመት ቢሆናትም ወሬዋ ሁሉ ስለ ሰሜን ነው።

"ከአባ ያሬድ ተራራ ስር ነው የተወለድሁ" አለችኝ። "ጠዋት ከቤት ስንወጣ መጀመሪያ የምናየው እሱን ነው። አመዳይ ሲጥልበት ነጭ ይሆናል።"

ክፍል ውስጥ ይህንኑ አነበብኩ። አንድ ልጅ "ሰሜን ያለው ራስ ዳሽን ነው፣ አባ ያሬድ የሚባል ተራራ የለም!" ሲል ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። መምህራችን ግን አልሳቁም። "በይ ፈልጊና አምጪልን" አሉኝ።

መጽሐፌን አገላበጥኩ፤ የለም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካርታ አየሁ፤ የለም። በንዴት ቤት ገብቼ "እምዬ፣ እንደዛ የሚባል ተራራ የለም እኮ! ተሳስተሽ ነው" አልኳት። ምንም አልመለሰችልኝም። ቡናዋን እንኳ ሳትጨርስ ጋደም አለች። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። አንዱ መጽሐፍ ራስ ዳሽን 4620 ሜትር ይላል፤ ሌላው ራስ ደጀን 4533 ሜትር ይላል። ሁለት ተራራ መስሎኝ ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ግን "አንድ ናቸው። ስሙም ሁለት ዓይነት ይጻፋል፣ ቁመቱም በተለያየ ጊዜ ስለተለካ ይለያያል" አሉኝ። ያኔ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። በኢትዮጵያ አንደኛ የሆነው ተራራ ሁለት ስም ካለው፣ የእምዬ ተራራስ ሌላ ስም ቢኖረው?

ለጥምቀት የእምዬ የወንድም ልጅ ከደባርቅ መጡ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ስካውት ናቸው። ጉዳዩን ስነግራቸው ከቦርሳቸው የታጠፈ ካርታ አወጡ። በእንግሊዝኛ ስለሆነ ፊደል በፊደል አነበብኩት፦ ቧሂት፣ ስልኪ፣ ራስ ደጀን... ከራስ ደጀን ወደ ሰሜን ስሄድ "ቅዱስ ያሬድ" የሚል አገኘሁ!

"እሱ ነው" አሉኝ ጋሼ እየሳቁ። "ወረቀት ላይ ቅዱስ ያሬድ፣ አገሬው ዘንድ አባ ያሬድ።" ዜማ የደረሰው ቅዱስ ያሬድ ከአክሱም ወጥቶ የመጨረሻ ዘመኑን በሰሜን ተራሮች እንዳሳለፈ ይነገራል፤ ስሙም ከእሱ የመጣ ነው። ከፍታው ከ4400 ሜትር ይበልጣል። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ሲቋቋም ይህ አካባቢ አልተካተተም ነበር፤ የተጨመረው በኋላ ነው።

ካርታውን ይዤ ወደ እምዬ ሮጥኩ። ዓይኗ ደከም ስላለ ጣቷን ይዤ ቦታው ላይ አስቀመጥኩላት። "እምዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ አገኘሁት" አልኳት።

እሷም "እኔን መች ጠፋኝ? የጠፋው ካንቺ መጽሐፍ ነው እንጂ" ብላ ሳመችኝ።

ትምህርት ቤት ስመለስ መምህራችን በግድግዳው ካርታ ላይ በእርሳስ ነጥብ አድርጌ ሁለቱንም ስም እንድጽፍ ፈቀዱልኝ። ያ የሳቀብኝ ልጅም መጥቶ አየው። "የኔም አያት ዳባት አካባቢ ስለሚገኝ ተራራ ያወራሉ፣ እስቲ ስሙን ልጠይቃቸው" አለ።

ጓደኞቼ፣ አንድ ስም ካርታ ላይ የለም ማለት አገር ላይ የለም ማለት አይደለም። እኔ መጽሐፉን አምኜ እምዬን "ተሳስተሽ ነው" ማለቴ እስካሁን ይቆጨኛል። እናንተም አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ የሚነግሯችሁንም ጻፉት። ያገኛችሁትን ስም ለሚኒ ሚዲያ ክበባችን ብታመጡልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።