ነፋስ የምትጠጣ ሞተር

ሞተር ሳይክል በተነሳ ቁጥር ወንድሜ የማይሰለቸው አንድ አባባል አለው፤ «መኪና ውሃ ትጠጣለች፣ ሞተር ግን ነፋስ ነው የምትጠጣው» ይላል። ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። የገባኝ ግን በ2016 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ፣ በጨንቻ ዳገት ላይ ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት የእናቴ ታላቅ እህት ማረፏን ተረዳን። ቀብሯ ጨንቻ፣ ከቀኑ በ8 ሰዓት ነው ተባለ። ከአርባ ምንጭ ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወንድሜ ሰው እያመላለሰ ቤቱን የሚያስተዳድርባትን ሞተር ሰጠኝና «ከመውጣትህ በፊት ጭቃዋን እጠብላት» አለኝ። ለቀብር የሚሮጥ ሰው ምን ሞተር ያጥባል? እናቴን ከኋላዬ አፈናጥጬ ወጣሁ።

ሲቀላ ላይ ቤንዚን ለመቅዳት ተሰለፍን። ሞተሯን ሳላጠፋ ቆምኩ። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የየካቲት ቀትሯ አናት ይበሳል። ጉልበቴን የሚለበልበኝን ወላፈን ሁሉ የፀሐይዋ ነው ብዬ ናቅሁት።

የሶዶን መንገድ ይዘን በሙዝና በማንጎ እርሻው መካከል ስንከንፍ፣ ነፋሱ እኛንም ሞተሯንም አቀዘቀዘን። ወደ ግራ ተገንጥለን ዳገቱን ስንጀምር ግን ነገሩ ተለወጠ። ጨንቻ ከ2,700 ሜትር ከፍታ አያንስም። በ1ኛ ማርሽ እያቃሰተች የምትወጣ ሞተር የምትፈጥረው ሙቀት ብዙ ነው፤ የምታገኘው ነፋስ ግን የእግረኛ ያህል ነው። ዶርዜ ሳንደርስ ከበታቼ ቀጭን የብረት ኳኳታ ተሰማኝ። የተቃጠለ ዘይት ሸተተን። ከዚያ ጉልበቷ ከዳትና ቆመች።

እናቴ ወርዳ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቁልቁል የዓባያን ሐይቅ ታያለች። ከቁጣ ይልቅ ዝምታዋ ከበደኝ። የያዝነውን የሃይላንድ ውሃ ከፍቼ ሲሊንደሩ ላይ ላፈስ ስል፣ ቀርከሃ ተሸክመው የሚወርዱ አንድ ሽማግሌ ጮኹብኝ።

«ልጄ፣ ተው! የጋለ ሸክላ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ይፈሳል?»

«አባባ፣ ቀብር አለብን!»

«እንግዲያው እናትህን በመኪና ስደድ። አንተ ከሞተርህ ጋር ቆይ።»

እውነታቸውን ነው። የጋለ ብረት ድንገት ሲቀዘቅዝ ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። ያ ቢሆን የምሰብረው የወንድሜን እንጀራ ነበር። ጥቂት ቆይቶ አንድ አይሱዙ መጣ። እናቴን አሳፍረን ሸኘናት።

ሽማግሌው ሸክማቸውን አውርደው አጠገቤ ተቀመጡ። ያኔ ጎንበስ ብዬ አየሁ። በሲሊንደሩ ዙሪያ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩት ስስ የብረት ቅጠሎች መካከላቸው በደረቀ ጭቃ ተደፍኗል። ከቤንዚኑ ጉልበት ሞተር ወደ እንቅስቃሴ የሚለውጠው ከሲሶ አይዘልም፤ ከቀረው ሙቀት ገሚሱ በጭስ ማውጫው ሲወጣ ሌላው በእነዚያ ቅጠሎች በኩል ነው ነፋስ የሚወስደው። እኔ ግን መስኮቶቿን ሁሉ ዘግቼ ነበር ዳገት ያስወጣኋት። ሽማግሌው የቀርከሃ ስንጣሪ ሰጡኝ። ሲበርድላት አንድ በአንድ እየፈለፈልኩ አጸዳሁ።

እየፈለፈልኩ መስከረም 2011 ዓ.ም. ትዝ አለኝ። በቡራዩ ወገኖቹ ተገድለውበት በቁጣ የወጣውን የአርባ ምንጭ ወጣት፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ከፊቱ ተንበርክከው ነበር ያበረዱት። የጋለን ነገር ማብረድ በዚህ አገር የአዋቂ ሥራ ነው። እኔ እዚያው ተወልጄ አንዲት ሞተር ማብረድ አቃተኝ።

ጨንቻ ስደርስ ሕዝቡ ከቀብር ተመልሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። ያሳደገችኝን አክስቴን አፈር አላለበስኩም። እናቴ ግን ደርሳለች። አጠገቧ ስቀመጥ እጄን ያዘችኝ፤ ምንም አላለችኝም።

በማግስቱ ሞተሯን ስመልስ የሆነውን ሁሉ ለወንድሜ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤

«ውሃ አፈሰስክባት?»

«አላፈሰስኩም።»

«እንግዲያው ደህና ናት» አለና ባልዲ አንስቶ ሰጠኝ።