በልጆች ጨዋታ ውስጥ ስላለው ሰዓት

ዛሬ በዚህ ገጽ ላቀርብላችሁ ያሰብሁት ነገር ሲሰሙት የሕፃናት ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን በቤታችን ሁለት ዘመዳሞችን ሊያቀያይም ደርሶ ስለ ነበረ፥ በሩቅ አገር ዘመድ ላላቸው ቤተ ሰቦች ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ ጻፍሁት።

የምኖረው በነቀምቴ ከተማ ነው። የ12 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ፤ የወንድሜም ልጅ ከእርሷ ጋራ በአንድ ቤት ካደገ በኋላ፥ ከ2 ዓመት በፊት ከወላጆቹ ጋራ ወደ አሜሪካ ሄዶ በሚኒሶታ ግዛት በሚኒያፖሊስ ከተማ ተቀምጧል። እነዚህ ሁለቱ በየቅዳሜው የሚገናኙት ማይንክራፍት በሚባል፥ በኮምፒዩተርና በስልክ ውስጥ በተሠራ ዓለም ነው። ጨዋታው በስዊድን አገር ተፈጥሮ በኅዳር 2004 ዓ.ም. ተፈጽሞ የወጣ ነው፤ ስዊድንን ደግሞ የነቀምቴ ሰው ከኦነሲሞስ ነሲብ ዘመን ጀምሮ ያውቃታል። በዚያ ዓለም እንጨትና ድንጋይ ይቈረጣል፤ ቤት ይሠራል፤ ፀሐይ ትወጣለች፥ ትጠልቃለች። ልጆቹም የያዙት ሥራ በጊምቢ የነበረውን፥ አሁን የፈረሰውን የእናቴን ቤት መልሶ መሥራት ነበር። እናቴ ዓይኗ እየደከመ ነው፤ በሩ ወደ ምሥራቅ እንደ ነበረ፥ የቡናው ዛፍ በየት በኩል እንደ ቆመ እየነገረቻቸው፥ ብርሃኗ ሳይጠፋ ተፈጽሞ ለማየት ትጓጓለች።

በጥር ወር የወንድሜ ልጅ «ቅዳሜ በ9 ሰዓት እንገናኝ» ብሎ ጻፈ። ልጄም ከቀኑ በ9 ሰዓት ገብታ ጠበቀችው፤ አልመጣም። እርሱ ደግሞ በአገሩ ከጧቱ በ9 ሰዓት ገብቶ ጠበቃት፤ አላገኛትም። በሁለተኛውም ቅዳሜ እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ልጄ ሌላ ብልሃት ፈለገች። የወንድሜ ልጅ የዚያ ዓለም የቀን ቍጥር በገጹ ጠርዝ እንዲታይ አድርጎ ነበርና፥ 9000 ሲሞላ 9 ሰዓት ይሆናል ብላ ዓይኗን ከዚያ ላይ ተከለች። ቍጥሩ 9000 ሞላና አለፈ፤ ከ20 ደቂቃ በኋላም ዳግመኛ ሞላና አለፈ፤ ልጁ ግን የለም። «ረስቶኛል፤ የአሜሪካ ሰው ሆኗል» ብላ አለቀሰች። እርሱም በበኩሉ «አኵርፋኛለች» ማለቱን ከወንድሜ ሰማን። ባለቤቴ ስልኩን ልትደብቀው ስትነሣ፥ እስቲ አስቀድመን እንመርምረው ብዬ ወረቀት አስመጣሁ።

ሰዓት ተሳሳተ በተባለ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ፥ ይህ ሰዓት መቍጠር የሚጀምረው ከየት ነው? የሚለው ነው። እኛ ከንጋት ጀምረን እንቈጥራለን፤ ፈረንጆች ግን ከእኩለ ሌሊት። ስለዚህ የስልኩ ቍጥር ከእኛ ቍጥር በ6 ሰዓት ይለያል፤ ይህንንስ የአውሮፕላን ቲኬት ይዞ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በዚህ ላይ የአገሩ ርቀት አለ፤ ሚኒያፖሊስ በክረምቷ ከእኛ በ9 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ልጄ ከቀኑ በ9 ሰዓት ስትገባ በዚያ ገና ሊነጋጋ ሲል ነው፤ ልጁም በእንቅልፍ ላይ ነው። የእርሱ ጧት 9 ሰዓት የእኛ ምሽት 12 ሰዓት ነበርና፥ በ3 ሰዓት እየተላለፉ ኖረዋል።

ፈረንጆች ለምን እንደ እኛ ከንጋት አይቈጥሩም? ብላ ልጄ ጠየቀችኝ። በነቀምቴ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙ አይርቅም፤ በሚኒያፖሊስ ግን በክረምት ከ9 ሰዓት ያንሳል፥ በበጋም ከ15 ሰዓት ይበልጣል። ንጋቱ እንዲህ በሚሸሽበት አገር ከንጋት ጀምሮ መቍጠር ምን ያህል እንደሚያስቸግር አስቡት።

የጨዋታው ቍጥር ነገር ግን እጅግ አስደነቀኝ። በዚያ ዓለም ሌሊትና ቀን በ20 ደቂቃ ይፈጸማል፤ ቍጥሩም ከ0 ተነሥቶ 24000 ሲሞላ ይታደሳል። ለአንድ ሰዓት 1000 ይደርሳል፤ ይህም በእኛ 50 ሴኮንድ ነው። መነሻው 0 ቀኑ የሚጀምርበት ነው። ቀን ይሁን የሚል ትእዛዝ ቢሰጡት ቍጥሩ 1000 ላይ ይቆማል፤ ቀትር ቢሉት 6000፤ ሌሊት ቢሉት 13000፤ እኩለ ሌሊት ቢሉት 18000። ይህንን በእኛ አቆጣጠር ብታነቡት ከጧቱ 1 ሰዓት፥ ከቀኑ 6 ሰዓት፥ ከምሽቱ 1 ሰዓት፥ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ይሆናል። በስዊድን የተሠራው ዓለም የሚቈጥረው እንደ ሚኒያፖሊስ ሳይሆን እንደ ነቀምቴ ነው! እንግዲህ ልጄ 9000ን 9 ሰዓት ብላ ማንበቧ ልክ ነበር፤ ዳሩ ግን የዚያ ዓለም 9 ሰዓት እንጂ የነቀምቴም የሚኒያፖሊስም አልነበረም። (በዚያው ጨዋታ ከወርቅ የሚሠራ ሰዓትም አለ፤ ፀሐይና ጨረቃ ብቻ ይታዩበታል፥ ቍጥር የለውም። እሳት ወደሚነድበት ወደ ታችኛው ዓለም ይዘውት የወረዱ እንደ ሆነ ግን ያለ ልክ ይሽከረከራል።)

ይህን ስንነጋገር እናቴ ሰምታ፥ «የእናንተስ ሰዓት መች ከንጋት ይነሣል? 12 ሰዓት ስትሉ እኮ ገና ጨለማ ነው» አለችን። እውነቷን ነው። የኢትዮጵያ ሰዓት የተደነገገው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ በኩል በሚያልፈው መሥመር ነው፤ ይህም በኦጋዴን በኩል ያልፋል። ነቀምቴ ከዚያ ከ8 ዲግሪ በላይ ወደ ምዕራብ ናት፤ ለአንድ ዲግሪም 4 ደቂቃ ስለሚታሰብ፥ ፀሐይ በራሳችን ላይ የምትቆመው በአማካይ ከ6 ሰዓት ከ30 ደቂቃ በኋላ ነው። በደምቢ ዶሎ ደግሞ 40 ደቂቃ ያህል ትዘገያለች። እናቴ ግን ይህን ያለ ዲግሪ ታውቀው ኖራለች።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ልጆች በስልክ ተነጋግረው ታረቁ፤ ሰዓት ሲቀጥሩም የሁለቱን አገር አብረው እንዲጽፉ ተስማሙ፤ ይኸውም «በእኔ ጧት 9፥ በአንቺ ምሽት 12» ማለት ነው። ወረቀቱ ከግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ከበታቹም ሌላ መሥመር አለበት፤ አሜሪካኖች በማርች ወር በሁለተኛው እሑድ ሰዓታቸውን በ1 ሰዓት ወደ ፊት ይገፉታል፥ በኖቬምበር በመጀመሪያው እሑድ ይመልሱታል፤ እኛ ግን አንነካውም። ስለዚህ በእነዚያ ወራት የእርሱ ጧት 9 በእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ይሆናል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እናቴ ከልጄ አጠገብ ተቀምጣ ሥራውን ስታይ፥ ወዲያው መሸባት። «ቡናው ሳይፈላ የሚመሽበት ይህ ምን ዓይነት አገር ነው?» አለች። ልጄም «አኮ፥ እናቆመዋለን» ብላ ለወንድሜ ልጅ ነገረችው፤ በዚያ ዓለም ፀሐይን የሚያስቆም ትእዛዝ አለና። እርሱም ከሚኒያፖሊስ ሆኖ ቍጥሩን በ1000 ላይ አቆመው። ጣራው እስኪከደን ድረስ በጊምቢው ቤት ከጧቱ 1 ሰዓት ሆኖ ቈየ፤ ፀሐይም በምሥራቁ በር ትይዩ ቆማ ነበር።