ጆንያው ለማን ነው?

ዲላ ላይ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን እግሬ መንገዱን ራሱ ያውቀዋል። ለዓመታት በርጫ ነበር፣ ከበርጫ በኋላ ጨብሲ፣ ከጨብሲ በኋላ ጸጸት። እሑድ አልቅሼ ንስሐ እገባለሁ፤ ማክሰኞ እዚያው ጫት ቤት ነኝ። ጸሎቴም አንድ ብቻ ነበር፦ «ጌታ ሆይ፣ አንድ ቀን ነጻ አውጣኝ።»

ይህን ጸሎት የሰሙ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ወደ ጥግ ጠሩኝ። ከይርጋጨፌ ወዲያ፣ እንሰትና ቡና ተደጋግፈው ከሚያድጉበት ገጠር የወጡ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ አባቴ ጭሰኛ ነበር» ብለው ጀመሩ።

ቡናውን የሚኮተኩተውና የሚለቅመው ጭሰኛው ነበር፤ ከምርቱ ድርሻውን የሚያነሣው ባለመሬቱ። በ1952 ዓ.ም. ሚጪሌ ላይ የጌዴኦ ገበሬ በዚህ ተማርሮ ተነሥቶ ደሙ ፈስሷል። አውራጃው ያኔ በመንግሥት ወረቀት ላይ ደራሳ ነበር የሚባለው፤ ሕዝቡ ግን ወረቀቱ ሳይለወጥም ጌዴኦ ነበር። ቀንበሩ የተሰበረው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ነው። አዋጁ ገበሬውን «እስክትበረታ ጠብቅ» አላለውም። ከዚያ ወዲያ ጭሰኛ አይደለም፤ አለቀ።

«በሚቀጥለው የቡና ለቀማ» አሉ ሽማግሌው፣ «አባቴ እንደ ልማዱ አንድ ጆንያ ጀንፈል ሞልቶ፣ አፉን ሰፍቶ በር ላይ አቆመው። እናቴ አየችና ‹ለማን ነው?› አለችው። መልስ አጣ። ባለመሬቱ አገሩን ለቆ ከሄደ ወራት አልፎታል። የሞላው እጁ ነበር።»

ቤቴ ገብቼ የሮሜን መልእክት ስድስተኛ ምዕራፍ ገለጥኩ። ስንት ጊዜ ሰብኬበታለሁ! ጳውሎስ ኃጢአትን እንደ ጌታ አድርጎ ያቆመዋል፤ ግን ታገሉት ከማለቱ በፊት አማኙ ከክርስቶስ ጋር መሞቱን ይናገራል። ትእዛዙ ከዜናው በኋላ ነው የሚመጣው። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ዓመት በመስቀል ላይ የታወጀው ገና እንዲታወጅልኝ እየለመንኩ ኖሬያለሁ። ሰካራም፣ ቃሚ፣ የማይረባ እያልኩ ራሴን በአሮጌው ስም እጠራለሁ፤ በዚያ ስም የተጠራ ሰው ደግሞ ግብሩን ይዞ ይሄዳል።

ሥጋ ግን ቶሎ አይረሳም። ጫት ስተው እንቅልፌ ተዛባ፣ በትንሽ በትልቁ ተቆጣሁ፤ ሐኪም ማማከርንም እምነት ማጣት ነው አልልም። የሽማግሌው አባት የበቅሎ ኮቴ በሰሙ ቁጥር፣ ባለመሬቱ የመጣ እየመሰላቸው፣ እስኪሞቱ ድረስ ከመቀመጫቸው ብድግ ይሉ ነበር። ሌላ ጆንያ ግን አልሞሉም።

ባለፈው ማክሰኞ በስምንት ሰዓት ጓደኛዬ ደወለ። ብሩን ከኪሴ አውጥቼ ስቆጥር ራሴን አገኘሁት። «ለማን ነው?» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። መልሼ ከተትኩትና ወደ ቤት አቀናሁ።

እሑድ ሽማግሌውን «አባባ፣ ያ ጆንያ ምን ሆነ?» አልኳቸው።

«እናቴ ስፌቱን ተረተረችው። ከላዩ ዘግና ፈለፈለች፣ ቆላች፣ ጎረቤት ጠራች። አባቴ አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም ጠጣ። እጁ ግን እስከ በረካው ድረስ ይንቀጠቀጥ ነበር።»