ዝምታ በሚሊቮልት

ግጥም ጠብቃችሁ ከመጣችሁ አስቀድሜ ይቅርታችሁን እለምናለሁ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ኮምፒውተር ፕሮሰሰርና ስለሚመገበው ቮልቴጅ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሌሊቴን የወሰደው ይኸው ጉዳይ ስለሆነ ሌላ የምጽፈው የለኝም፤ ደግሞም ነገሩን ከስንኝ ቆጠራ ያን ያህል የራቀ ሆኖ አላገኘሁትም።

ቤታችን አንዲት ክፍል ናት። በአንደኛው ጥግ የሕፃኗ ልጃችን አልጋ፣ በሌላው ደግሞ ባለቤቴ የሰርግ ቪዲዮ የምታቀናብርበት ጠረጴዛ ይገኛል። እርሷ ቀን ቀን ምስሉን ስትቆርጥና ስትቀጥል ትውልና ሲመሽ ኮምፒውተሩን ሬንደር እንዲያደርግ አዝዛው ትተኛለች። እኔም ከባንክ ቤት ስመለስ እራቴን በልቼ፣ ደብተሬን ይዤ ከአጠገቡ እቀመጣለሁ። ከእኔ ደመወዝ ቀጥሎ የቤታችን እንጀራ የሚበስለው በዚህ ማሽን ነው።

ፕሮሰሰሩ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በጥር 2011 ለገበያ ያቀረበው ኮር አይ5 2500ኬ ነው። አርጅቷል፤ እኛም የገዛነው ሌላ ሰው ከተገለገለበት በኋላ ነው። ፋብሪካው የወሰነለት ፍጥነት 3.3 ጊጋኸርዝ ሲሆን ሥራ ሲበዛበት በራሱ እስከ 3.7 ይደርሳል። በስሙ መጨረሻ ያለችው «ኬ» ግን ፍጥነቱ እንዳልተቆለፈ ታመለክታለች፤ ባለንብረቱ ከፈቀደ ከዚያም በላይ ሊያስሮጠው ይችላል። የእኛው 4.2 ላይ ይሮጣል። ይህን ለቅንጦት ያደረግነው እንዳይመስላችሁ፤ ሬንደሩ ሌሊት ካላለቀ ጠዋት ጠረጴዛው አይለቀቅም፣ ጠረጴዛው ካልተለቀቀ ደግሞ የሚቀጥለው ሰርግ ይዘገያል።

እንዲህ የሚሮጥ ፕሮሰሰር ይግላል፤ በጋለ ቁጥርም በላዩ ያለው ፋን ይጮኻል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ እንደመሆኗ አየሯ ከባሕር ጠለሉ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለሯጮቻችን ሳንባ የበጀው ስስ አየር ለፋን አልበጀም። በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ክብደቱ ስለሚያንስ ይዞት የሚሄደው ሙቀትም ያንሳል፤ ስለዚህ አብዝቶ መዞር ግድ ይሆንበታል። ልጃችን ጩኸቱን ለምዳዋለች፤ የሚያባንናት የፋኑ መለዋወጥ ነው። አንዴ ዝቅ፣ አንዴ ከፍ ሲል ከእንቅልፏ ትነቃለች። እኔም ብሆን ስንኝ የምመዝነው በጆሮዬ ነው። ስድስት ቀለም ቆጥሬ ወደ ቀጣዩ ስድስት ስሻገር ከአጠገቤ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ ነገር ካለ ዜማው ያመልጠኛል።

መድኃኒቱ ከሁለት አንዱ ነበር፤ ወይ ፍጥነቱን መቀነስ፣ ወይ ቮልቴጁን። ስለ መጀመሪያው ባለቤቴን ባማክራት «ፍጥነቱን እንዳትነካብኝ» አለችኝ። ስለዚህ ወደ ሁለተኛው ገባሁ። ቮልቴጁ ለማዘርቦርዱ ፈቃድ፣ «አውቶ» ለሚሉት ምርጫ የተተወ ነበር። እንዲህ ያለ ምርጫ ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደ ለጋስ ጋባዥ ነው፤ «ኧረ ብላ፣ በሞቴ!» እያለ ያጎርሳል። ለእኛ ፕሮሰሰር 1.36 ቮልት ያህል ያጎርሰው ነበር።

እዚህ ላይ ለጥቂት ፊዚክስ ታገሡኝ። ሥራ ላይ ያለ ፕሮሰሰር የሚፈጀው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በእኩል መጠን ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን የሚያድገው ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ ነው። ቮልቴጁን ከመቶ 10 ብትቀንሱ ያ ኃይል ከመቶ 19 ይቀንሳል። ፍጥነት ሳይጓደል ሙቀት የሚቀነስበት እንዲህ ያለ ቸር ሒሳብ በባንክ ሥራዬ ገጥሞኝ አያውቅም።

ታዲያ ለምን እስከ ታች አይወርድም? በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ትራንዚስተር ለጎረቤቱ መልእክት የሚያደርሰው ጎረቤቱን በኤሌክትሪክ በመሙላት ነው። ቮልቴጁ ከፍ ሲል ቶሎ ይሞላዋል፤ ዝቅ ሲል ይዘገያል። በ4.2 ጊጋኸርዝ ደግሞ ሰዓቱ በሴኮንድ 4.2 ቢሊዮን ጊዜ ይመታል። መልእክቱ ከሰዓቱ ምት በፊት ከደረሰ ልክ ነው። ካልደረሰ ግን ማሽኑ አይጠብቀውም፤ በቦታው ያገኘውን የቆየ አኃዝ እንደ አዲስ ቆጥሮ ይቀጥላል። እኛ ዘንድ ሒሳብ ከተዘጋ በኋላ የመጣ ቼክ ለነገ ይተላለፋል። እዚያ ነገ የሚባል ነገር የለም።

ፋብሪካው ይህን ስለሚያውቅ ለእያንዳንዱ ቺፕ ቮልቴጅ ሲወስን ለሙቀቱም፣ ለእርጅናውም፣ ለክፉ ቀኑም መጠባበቂያ ጨምሮ ነው። ከአንድ የሲሊከን ገበታ የተቆረጡ ሁለት ቺፖች እንኳ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ አንዱ በትንሽ ቮልቴጅ ይጠግባል፣ ሌላው አይጠግብም። የእናንተው ምን እንደሆነ የሚነግራችሁ መጽሐፍ የለም። ራሱን መጠየቅ ነው።

በነገራችን ላይ ይህ የቮልቴጅ ነገር የእኔ ብቻ ጭንቀት አልነበረም። የአይቢኤሙ ሮበርት ዴናርድ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣው ጽሑፍ ትራንዚስተር ባነሰ ቁጥር ቮልቴጁም አብሮ ከወረደ ሙቀቱ በስፋቱ ልክ ሳይጨምር እንደሚኖር አሳይቶ ነበር። ዓለም ለሠላሳ ዓመታት ያህል በዚህ መንገድ ተጓዘ። ከዚያ ቮልቴጁ አልወርድም አለ፤ ትራንዚስተሩ ተዘግቶም ኤሌክትሪክ ያሾልካልና። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2004 ባለ 4 ጊጋኸርዙን ፔንቲየም 4 ለማውጣት የያዘውን ዕቅድ ሰረዘ። የፍጥነት ቁጥር በየዓመቱ መናሩን ያቆመው በእነዚያ ዓመታት ነው። ዴናርድ እ.ኤ.አ. በ2024 አረፈ።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ፈተናውን ከመጀመሬ በፊት ባለቤቴ አንድ ነገር አዘዘችኝ፤ የሰርጎቹን ምስል በሙሉ ወደ ውጪ ዲስክ እንድንገለብጥ። የካሜራው ካርድ ለሚቀጥለው ሰርግ ስለሚደመሰስ ምስሉ የሚኖረው በኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ነበር። «ሰርግ ሁለተኛ አይደገስም» አለችኝ። በዚያ ሳምንት በእጇ ላይ ባለው ቪዲዮ ሙሽሮቹን የሚመርቁ አንድ አረጋዊ ነበሩ፤ ቪዲዮው ተሠርቶ ሳያልቅ አርፈዋል። ቤተሰቡ ደውሎ «የአባባ ምርቃት አለ አይደል?» ብሎ ጠይቋታል። አለ፤ ሁለት ደቂቃ ከምናምን ይሆናል። ገለበጥን፣ ቅጂውንም ከፍተን እስከ መጨረሻው አየነው።

መፈተኛዬ ፕራይም 95 የተባለው ፕሮግራም ነበር። የጻፈው ጆርጅ ዎልትማን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ግዙፍ ዋና ቁጥሮችን በጋራ የሚያስስ ኅብረት የመሠረተ ሰው። የኅብረቱ አባላት እ.ኤ.አ. በ2024 ከ41 ሚሊዮን በላይ አኃዞች ያሉት ዋና ቁጥር አግኝተዋል። እንዲህ ያለው ስሌት አንዲት ስሕተት ስለማይታገሥ ፕሮግራሙ ማሽንን የሚያሠቃይ መፈተኛ ተጨምሮለታል፤ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ከባድ ስሌት ይሰጠውና መልሱን ያመሳክራል።

1.30 በቀላሉ አለፈ። 1.25ም አለፈ። ከዚያ በኋላ በ0.01፣ ቀጥሎም በ0.005 እየወረድሁ ሄድሁ። በእያንዳንዱ እርምጃ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ባዮስ ውስጥ እገባለሁ፣ ቁጥሩን እቀይራለሁ፣ ፈተናውን አስጀምሬ እጠብቃለሁ። እየጠበቅሁም አንድ አሮጌ ግጥሜን አወጣሁና ቃል እነቅልበት ጀመር። አንድ ቃል ሳወጣ ቤቱ ቆመ፤ ሁለተኛውን ሳወጣም ቆመ፤ ሦስተኛውን ሳወጣ ፈረሰ። ሦስተኛውን መለስሁት። የፕሮሰሰሩም መፍረሻ 1.175 ላይ ተገኘ፤ በአራት ደቂቃ ውስጥ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ።

1.185 ላይ ግን ሰማያዊ ስክሪን አልመጣም። ዊንዶውስም፣ መዳፊቱም፣ ሁሉም ነገር በሰላም ይሠራ ነበር። ከፕራይም 95 አራት ሠራተኞች አንዱ ብቻ ቆሞ አገኘሁት፤ ማጠጋጊያው 0.5 ሆኗል፣ ከ0.4 በታች ይጠበቅ ነበር የሚል ማስታወሻ ትቶ። ይህን ሳይ ከሰማያዊው ስክሪን ይልቅ ደነገጥሁ። የሚወድቅ ማሽን ወደቀ ተብሎ ይነሣል። ይኸኛው ሳይወድቅ ነው የተሳሳተው። ባንክ ቤትም የምንፈራው እንዲህ ያለውን ነው። በካዝና የጎደለ ገንዘብ ማታ ሲቆጠር ይታወቃል፤ በስሕተት ወደ ሌላ ደንበኛ ሒሳብ የገባ ግን ድምሩን አያፋልስም፤ ሁሉም ልክ መስሎ ያድራል።

1.195 ለአሥራ አንድ ሰዓት ከሮጠ በኋላ መብራት ሄደ። ማለፉንም መውደቁንም ሳልለይ ፈተናውን ከዜሮ ጀመርሁት። በሁለተኛው ሌሊት አለፈ። ደስ ብሎኝ ባለቤቴን ልቀሰቅሳት ከመነሣቴ በፊት ግን የዊንዶውስን መዝገብ ከፈትሁ፤ ፕሮሰሰሩ ተሳስቶ ራሱ ያረማቸው ሦስት ስሕተቶች በሰዓትና በደቂቃ ተጽፈው አገኘኋቸው። ታርመዋል፤ ሆኖም አራተኛው ይታረም እንደሆን ማን ዋስ ይሆናል? 1.200 ላይ ወጣሁ። ሁለት ሌሊት የፕራይም ፈተና፣ አንድ ሌሊት እውነተኛ ሬንደር። መዝገቡ ባዶ ነበር።

እንግዲህ «ዝቅተኛው የተረጋጋ ቮልቴጅ» የሚሉት ይህ ነው፤ ነገር ግን ቃሉ ከሚችለው በላይ ይናገራል። እኔ የማውቀው በሦስት ሌሊት ውስጥ ስሕተት እንዳላየሁ ብቻ ነው። ነጥቡም ባለበት አይቆይም። ትራንዚስተር ከዕድሜ ጋር ይዘገያል፤ ሙቀትና ከፍተኛ ቮልቴጅ ደግሞ እርጅናውን ያፋጥኑታል። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢንቴል የ13ኛውና የ14ኛው ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ላይ ለታየው መናጋት ምክንያቱ ከፍ ያለ ቮልቴጅ መሆኑን አምኖ ማስተካከያ አውጥቷል፤ የዋስትና ዘመናቸውንም በሁለት ዓመት አራዝሟል። የተጎዱት ቺፖች በጥቂቱ ይረጋጉበት የነበረው ቮልቴጅ ወደ ላይ ሸሽቶባቸው ነበር። አብዝቶ መመገብ ረኃብን አሳደገ ማለት ነው።

ስለዚህ ከ1.200 በላይ ስንት ልጨምር? እኔ የጓጓሁት ለዝምታ ስለሆነ በ0.005 እረካ ነበር። ማለዳ ቡና ስታፈላ ነገሩን ለባለቤቴ ዘርዝሬ አስረዳኋት። ወረቀቴን ተቀብላ ቁጥሮቹን ከላይ እስከ ታች አየችና እንደ ገበያ ሴት ቀና ብላ፣

«ምርቃት የለውም እንዴ?» አለችኝ።

«ስንት ይጨመርልሽ?»

«እኔ ምን አውቄ! አባባን የሚያህል ሰው ነው ያለበት። አንተ ከለካኸው ላይ ቆንጠር አድርገህ ጨምርልኝ።»

1.215 ላይ ተስማማን። ከ«አውቶ» ጋር ሲነጻጸር በሒሳቡ ከመቶ 20 ያህል የኃይል ቅናሽ ነው። በፈተናው 86 ዲግሪ ይደርስ የነበረው ሙቀት 71 ላይ ቆሟል። ፋኑ አሁንም ይሰማል፤ ግን አንድ ድምፅ ይዞ ነው የሚያድረው፣ ልጃችንም አትባንንም። ቁጥሩንና ቀኑን በትንሽ ወረቀት ጽፌ ከኬዙ ክዳን በስተውስጥ ለጥፌዋለሁ።

የአባባን ቪዲዮ ማክሰኞ ሌሊት ሬንደር አደረግነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አለቀ። ባለቤቴ ተነሥታ፣ የጆሮ ማዳመጫውን አንዱን ለእኔ አንዱን ለራሷ አድርጋ ምርቃቱን ከመጀመሪያው አስጀመረችው። ሁለቱ ደቂቃዎች ሳይቆራረጡ አለፉ። አባባ እጃቸውን ዘርግተው ሲጨርሱ እርሷ ሳታስበው «አሜን» አለች። ከዚያ ፋይሉን ወደ ፍላሽ ገልብጣ ተኛች፤ እኔም ስድስተኛውን ቀለም ወዳቆምሁበት ስንኝ ተመለስሁ።