የኩኒታቺ ባቡር ጣቢያ

ዛሬ በዚህ ገጽ ወደ ጃፓን አገር እንሄዳለን። ከቶኪዮ ዋና ጣቢያ በባቡር ተሳፍረን ወደ ምዕራብ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ስንጓዝ ኩኒታቺ ከምትባል ከተማ እንደርሳለን። ዓመቱን የምንጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው።

ከባቡሩ ወርደን በደቡብ በኩል ስንወጣ አንዲት የእንጨት ቤት እናያለን። ጣራዋ ቀይ ነው፤ ፊቱም ሦስት ማዕዘን ነው። ይህች የድሮዋ ጣቢያ ናት። ከፊቷ ሰፊ መንገድ ይጀምራል። ስፋቱ 44 ሜትር ያህል ነው። ግራና ቀኙን ዛፍ ተተክሎበታል። መጋቢት ሲያልቅ ቼሪ የሚባለው ዛፍ ያብባል። በኅዳር ደግሞ ጊንኮ የሚባለው ዛፍ ቅጠሉ እንደ አደይ አበባ ቢጫ ይሆናል። በመንገዱ ዳርና ዳር ዩኒቨርሲቲ አለ።

ድሮ ይህ ቦታ ጫካ ነበር። በአጠገቡ ያሆ የሚባል የገበሬዎች መንደር ነበረ። በ1915 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ቶኪዮን ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። ብዙ ቤት ፈረሰ፤ ብዙው ተቃጠለ። ዩኒቨርሲቲው ያን ጊዜ ቶኪዮ መካከል ነበርና እሱም ተጎዳ። አንድ የመሬት ኩባንያ ጫካውን ገዝቶ መነጠረ፤ መንገድም ቀየሰ። ዩኒቨርሲቲው ወደዚህ መጣ። ጣቢያዋም መጋቢት 23 ቀን 1918 ዓ.ም. ተከፈተች።

ታዲያ ስሟ ከየት መጣ? ጣቢያዋ የተሠራችው በሁለት ጣቢያዎች መካከል ነው። አንደኛው ኮኩቡንጂ፣ ሁለተኛው ታቺካዋ ይባላል። ከሁለቱ ስም የመጀመሪያው ፊደል ተወሰደና ተጋጠመ። በእነዚህ ስሞች ጽሕፈት አንዱ ፊደል ብቻውን ትርጉም አለው። የፊተኛው «አገር» ማለት ነው፤ ኮኩ ተብሎም ኩኒ ተብሎም ይነበባል። የኋለኛው «መቆም» ማለት ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ ኩኒታቺ ሆኑ። በ1943 ዓ.ም. ያሆ ራሷ በጣቢያዋ ስም ተጠራች። የያሆ ስም ግን አልጠፋም፤ እዚያው ከተማ ውስጥ ሌላ ጣቢያ ይጠራበታል።

ከጊዜ በኋላ ችግር መጣ። ባቡር ባለፈ ቁጥር መኪናውም እግረኛውም መንገድ ተዘግቶበት ይቆም ነበር። ስለዚህ ሐዲዱ በድልድይ ላይ ከፍ ብሎ እንዲያልፍ ተወሰነ። አሮጌዋ ጣቢያ ለሥራው እንቅፋት ሆነች። ብዙ የከተማው ሰው ግን እንድትጠፋ አልፈለገም።

በ1999 ዓ.ም. ጣቢያዋ ተነሣች፤ እንጨቷ ግን አልተጣለም። የከተማው አስተዳደር ሰብስቦ አስቀመጠው። ሰውም ገንዘብ አዋጣ። ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ2012 ዓ.ም.፣ ከቀድሞ ቦታዋ ብዙም ሳትርቅ እንደገና ቆመች። ዛሬ ባቡሩ ከኋላዋ በድልድይ ላይ ያልፋል። እሷም ትኬት መሸጥ ትታ እንግዳ ትቀበላለች፤ የከተማዋን ታሪክ ታሳያለች።

አዲሱ ሐዲድ ተሠራ፤ አሮጌዋም ቤት ተረፈች። ሰው ከመከረበትና ካዋጣ ሁለቱም ይሆናል ማለት ነው።

አንባቢዎቻችን፣ የእናንተስ መንደር ስም ከምን መጣ? ሽማግሌዎችን ጠይቁና በደብተራችሁ ጻፉት።