ማጭድ የሌላቸው አጫጆች

አይከል

ከአዘዞ ወደ ምዕራብ የሚታጠፈው አስፋልት እስከ ጭልጋ ድረስ ደጋውን አይለቅም። አይከል ላይ ሚኒባሱ ለቁርስ ሲቆም ሰዉ ሁሉ ጋቢና ፎጣውን እንደተከናነበ ወረደ። ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው። ነጋዴ ባሕር ስንደርስ ጋቢው ተጠቅልሎ ከወንበር ሥር ገብቷል፣ ተሳፋሪውም «መስኮት ይከፈት፣ አይከፈት» እየተባባለ ይነታረካል።

ጥቅምት 2010 ነው፤ የሰሊጥ ወር። ሰሊጥ ቀን አይሰጥም። ደርሶ ካልታጨደ ይፈነዳና ፍሬው መሬት ላይ ይቀራል። ስለዚህ የመተማ፣ የቋራና የሁመራ ባለ እርሻ ሁሉ በአንድ ሰሞን ሰው ይፈልጋል፤ ከጎጃም፣ ከደቡብ ጎንደር፣ ከወሎ፣ ከትግራይ ወጣቱ እየጎረፈ ይወርዳል። በአገሩ አጠራር «ሳሉግ» ይባላሉ። ማጭድ፣ ላስቲክ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ ቢጫ ጀሪካን፤ የሳሉግ ጓዝ ይኸው ነው። ወቅቱ ሲያልቅ ገንዘብ ቋጥሮ የሚመለስ አለ፣ ወባ ወይም ካላዛር ይዞ የሚመለስም አለ።

ደላላም የሚወደው ይህንኑ ሰሞን ነው። መንገዱ በወጣት ተጨናንቆ ሳለ ሱዳን ሊሻገር የተነሳን ልጅ ከሳሉግ መሃል ማን ለይቶ ያወጣዋል?

ከኋላዬ ሦስት ልጆች ተቀምጠዋል፣ ሁለት ሴትና አንድ ወንድ። የሦስቱንም ሒሳብ ከጎንደር ሲነሱ የከፈለው ፊት ወንበር ላይ፣ ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠው ሰውዬ ነው። አይከል ላይ እነሱ አንድ ሳህን ፍርፍር ከበው ሲበሉ፣ እሱ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ለብቻው ሻይ ጠጣ። አንዲት ቃል ሲለዋወጡ አላየሁም። ትንሿ ልጅ አዲስ የላስቲክ ጫማ ተጫምታለች፤ ጫማው ሰፍቷት በየደረጃው ይወልቅባታል።

ገንዳ ውኃ

ከተማዋን አሁንም ሸኽዲ የሚላት ይበዛል። ኬላው ላይ ፖሊሶቹ ሁላችንንም አስወርደው መታወቂያ አዩ። እዚህ ድረስ እንደማንኛውም ኬላ ነው። ልዩነቱ ከጥላው ሥር በርጩማ ላይ የተቀመጠችው ሴትዮ ናት። ዩኒፎርም የላትም። ነጠላዋን በወገቧ አስራ፣ ወፍራም መዝገብ ጭኗ ላይ አድርጋ መንገደኛውን ታያለች። ሥራዋ ሰው መነገድንና ሕገወጥ ዝውውርን መከላከል እንደሆነ የነገረችኝ ኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የመሰለችኝ የመንገደኛ ሻንጣ የምትጠብቅ ነበር።

ልጆቹን ወዴት እንደሚሄዱ አልጠየቀቻቸውም።

«እሱን መጠየቅማ ከተውሁ ቆየሁ» አለችኝ ማታ። «ወዴት ነው ለሚለው መልሱን አስጠንተዋቸው ነው የሚልኳቸው። ሦስቱም ባንድ አፍ ‘ሰሊጥ አጨዳ’ ይሉሃል። እኔ ሌላ ሌላውን ነው የምጠይቅ። እርሻው ደለሎ ነው ሽንፋ? የባለ እርሻው ስም ማነው? በሄክታር ነው የተስማማችሁ በቀን? እውነተኛ ሳሉግ ሒሳቡን ሳይጨርስ ከቤቱ አይወጣም፣ ወንድሜ። ስንት እንደሚከፈለው የማያውቅ አጫጅ አይቼ አላውቅም።»

ቀድሞ ማጭድ ታይ እንደነበርም ነገረችኝ። ማጭድ የሌለው ወደ ጥላው ይጠራል። ደላሎቹ ይህን ሲያውቁ ከጎንደር ገበያ ማጭድ እየገዙ በየልጁ እጅ ማስያዝ ጀመሩ። እሷም ማጭዱን ተቀብላ እጀታውን ማገላበጥ ጀመረች፤ ላብ ያልጠጣ፣ አቧራ ያልነካው እንጨት ወዲያው ይታወቃታል። ከዚያ መዳፋቸውን ታያለች። ከዚያ «ስልክሽ የታለ?» ትላለች። ስልኳ ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ የሆነባት ልጅ፣ ወይም ስልክ ሳይኖራት በብጣሽ ወረቀት የሱዳን ቁጥር የያዘች ልጅ ከእሷ ጥላ ቶሎ አትወጣም።

ከሚኒባሳችን የወረደችው ባለ አዲስ ጫማዋ ልጅ ወረቀቱን ያስቀመጠችው ጡት መያዣዋ ውስጥ ነበር። ዕድሜዋን 19 አለች። የትኛው ክፍል እንዳቋረጠች ስትጠየቅ ስድስተኛ፣ መቼ ስትባል «ዐምና» አለች። ሴትዮዋ ምንም ሳትል መዝገቡ ላይ ጻፈች።

እዚህ ላይ ሕጉን ማንሳት ግድ ይላል፤ ኬላው ላይ የሚሆነው ሁሉ የሚንጠለጠለው በእሱ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 መሠረት ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነፃነት አለው። ዕድሜው የደረሰ፣ መታወቂያ የያዘ ሰው «ድንበር አካባቢ ልሄድ ነው» ቢል ማንም አንገቱን ይዞ ሊመልሰው አይችልም። በሌላ በኩል በ2007 የወጣው አዋጅ ቁጥር 909 ሰውን ለብዝበዛ የሚያዘዋውር ከ15 እስከ 25 ዓመት እንዲታሰር ይል ነበር፤ የከፋ ጉዳት ከደረሰ ቅጣቱ እስከ ሞት ይሄድ ነበር። (አዋጁ በ2012 በአዋጅ ቁጥር 1178 ተተክቷል።) ልጅ ከሆነች ደግሞ ወድዳ ሄደች አልሄደች አይጠየቅም። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የፓሌርሞ ፕሮቶኮል ከ18 ዓመት በታች ያለች ልጅ ለብዝበዛ ከተወሰደች ፈቃዷን ከቁጥር አያስገባም። የዚህች ሴትዮ ሥራ እንግዲህ በእነዚህ ሁለቱ መሃል ነው። ጎልማሳውን ልታስቆም መብት የላትም፤ ጥያቄ ልትጠይቀው፣ የማያውቀውን ልታሳውቀው ብቻ ትችላለች። ልጅቷን ግን ማሳለፍ የለባትም። የልደት ምስክር ወረቀት ይዞ የሚጓዝ ገበሬ በሌለበት አገር ልጅና ጎልማሳን መለየት የእሷ ዓይን ፋንታ ሆኗል።

ሰውዬውንም ፖሊሶቹ ወደ ጎን አቆሙት። «እኔም ተሳፋሪ ነኝ» አለ። የሦስቱን ሒሳብ ለምን እንደከፈለ ሲጠየቅ «ዝርዝር የላቸውም ነበር፣ ለነፍስ ብዬ» አለ። ልጆቹም አናውቀውም አሉ። እንደዚያ ያለ ለነፍሱ ያደረ ሰው በዚያ ቁልቁለት ላይ ብዙ ጊዜ እንደሚገኝ ከፖሊሶቹ አንዱ ነገረኝ።

መተማ ዮሐንስ

ከገንዳ ውኃ በኮኪት በኩል ወደ ድንበሩ ስንቀርብ ሙቀቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁት እዚህ ነው፤ ከተማው ስማቸውን ይዟል። እኔ ያየሁት መተማ ግን የባጃጅ፣ የሰሊጥ መጋዘንና የመጠጥ ቤት ከተማ ነው። መጠጥ በተከለከለበት ሱዳን የሚኖሩ ሰዎች ነጭ ጀለቢያቸውን እንደለበሱ ድልድዩን ተሻግረው ይመጡና ማታ ቢራቸውን ጠጥተው ይመለሱ ነበር። ለእነሱ አስተናጋጅ ትፈለግ ነበር፤ ስለዚህ ከየገጠሩ «ሻይ ቤት ሥራ አለ» ተብለው የሚመጡ ልጆች ነበሩ። ድንበር ሳይሻገሩ እዚሁ የሚቀሩትን ማንም አይቆጥራቸውም። ስለ ሰው መነገድ ሲወራ ዓይናችን ወዲያ ማዶ ስለሚያይ መሰለኝ።

ድልድዩ አጭር ነው። ከሥሩ ያለው ሸለቆ በበጋ ይደርቃል፤ ማዶው ገላባት ነው። ኢሚግሬሽኑም ጉምሩኩም ፖሊሱም ያሉት እዚህ ነው፣ ለጎብኚ የሚያሳዩትም ይህንኑ ነው። እኔ ግን ደላላ የያዘውን ሰው በድልድይ የሚያሻግር ሞኝ ያለ አይመስለኝም። የከተማውን ሰው ብትጠይቁት ሥርዓቱን ቁልጭ አድርጎ ይነግራችኋል። የመንደሩ ደላላ ልጁን ለመናኸሪያው አቀባባይ ይሰጣል። አቀባባዩ ከተማው ዳር የተከራየው ቤት ውስጥ ያስገባዋል። ቁጥራቸው ሲሞላ መንገድ መሪው ጨረቃ የሌለበትን ሌሊት ጠብቆ በሰሊጥ ማሳ መሃል በእግር ያወጣቸዋል፣ ሸለቆውን ከድልድዩ ርቀው ይሻገራሉ፣ ማዶ መኪና ወደ ገዳሪፍ ይወስዳቸዋል። ድልድዩ ላይ የሚያዘው እንግዲህ ለደላላ የሚከፍለው ያጣ፣ በራሱ ድፍረት የመጣ ልጅ ነው።

ይህን ያረጋገጠችልኝ ከመናኸሪያው በር ላይ ሻይና አምባሻ የምትሸጥ ሴት ናት። እሷ ራሷ ካርቱም ሻይ ሸጣለች። ፖሊሶቹ «ከሻ» በሚሉት አፈሳ ጀበናዋ ሦስቴ ተሰብሮባታል፣ ታስራለች፣ በመጨረሻም ያጠራቀመችውን ለመቀጫ ከፍላ በዚሁ ድልድይ ተመልሳለች። አሁን ከአውቶቡስ ወርዶ ዙሪያውን የሚቃኝ ልጅ ስታይ ሻይ ትቀዳለታለች። «ጠጣ፣ አልከፍልም ካልክ አትክፈል» ትለዋለች። ጠጥቶ ሳይጨርስ ታሪኩን ይነግራታል። ከዚያ ለተያዙና ለተመለሱ ሰዎች ማረፊያ ከሆነው ማዕከል ሰዎች ወደ አንዱ ትደውላለች። ደሞዝ የላትም፣ መታወቂያም የላትም። በዚህ ድንበር ካየኋቸው ሁሉ ብዙ ሰው ያስቆመችው እሷ ብትሆን አይገርመኝም።

ለምን በዚህ በኩል እንደበዛ ጠየቅኋት። «ቦሌ ሲዘጋስ!» አለች። እውነቷን ነው። መንግሥት በጥቅምት 2006 የቤት ሠራተኞችን ወደ አረብ አገር መላክ አገደ፤ በወሩ ሳውዲ ማስወጣት ጀመረችና ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። እገዳው የመሄድ ፍላጎትን አላገደም። በአውሮፕላን ትሄድ የነበረችው ልጅ በእግሯ ሱዳን ገብታ ከካርቱም መብረር ጀመረች። እገዳው የተነሳው እኔ መተማ ከነበርኩበት ጊዜ ጥቂት ወራት ቆይቶ ነው። ቢነሳም በ2008 የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቢያንስ 8ኛ ክፍል መጨረስን ይጠይቅ ስለነበር፣ ስድስተኛ ላይ ላቋረጠችው ባለ አዲስ ጫማ በቦሌ በኩል በር አልነበራትም።

(ማስታወሻውን ለኅትመት ሳሰናዳ ነገሩ ተገልብጧል። ሱዳን ውስጥ በሚያዝያ 2015 ጦርነት ከተነሳ ወዲህ በዚያው ድልድይ ሱዳናውያንም፣ እዚያ የነበሩ የኛ ሰዎችም በአስር ሺዎች ወዲህ ተሻግረዋል።)

ማዕከሉ

በዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ይደገፍ የነበረው ማዕከል ለተያዙና ለተመለሱ ሰዎች ማረፊያ፣ ሕክምናና ምክር ይሰጥ ነበር፤ ቤተሰብ ያገናኝ፣ መሳፈሪያ ይችል ነበር። እዚያ ያገኘሁት የጎጃም ልጅ ከዚህ በፊትም ተይዞ ተመልሶ ነበር። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ቤቱ ሲደርስ ምን እንደገጠመው ጠየቅሁት።

«አባቴ አንዱን በሬ ሸጦ ነበር ጋሼ። በአንድ በሬ አይታረስ። ምን ላድርግ?»

በሚያዝያ 2007 አይሲስ ሊቢያ ውስጥ ወንድሞቻችንን ሲገድል የታየውን ቪዲዮ አላየህም ወይ አልኩት። አገር ሁሉ ሦስት ቀን ሐዘን የተቀመጠበት ነው።

«አይቻለሁ። ከነሱ በኋላ ጣሊያን የደረሰ ደግሞ ከሰፈራችን አለ። ለእናቱ ቆርቆሮ ቤት ሠራላት።»

የመከረው ሰው ስለ በረሃው ነግሮታል፣ ቤኒ ወሊድ ውስጥ በየመጋዘኑ ታጉረው፣ እየተገረፉ፣ ለቤተሰብ እየተደወለ ገንዘብ ስለሚጠየቅባቸው ነግሮታል። ልጁ ሁሉንም ያውቃል። እኔ ከማውቀው በላይ ያውቃል። ባለማወቅ ነው የሚሄዱት የሚለውን ወሬ ከዚያ ወዲህ ስሰማ ትዕግሥቴ ያልቃል። ይህ ልጅ የጎደለው መረጃ አይደለም፣ በሬ ነው። ኬላ ላይ ማስቆም ጊዜ ይገዛል፣ አንዳንዴም ነፍስ ያተርፋል፤ በተገዛው ጊዜ ውስጥ ለልጁ የሚሆን ሥራ ወይም ብድር ካልተገኘ ግን የሚያተርፈው ደላላው ነው፣ ሁለተኛ ጊዜ ያስከፍላል።

እንደገና ገንዳ ውኃ

ስመለስ ሴትዮዋ በርጩማዋ ላይ ናት። ልጅቷም አልሄደችም፤ ጥላው ሥር ተቀምጣ የሴትዮዋን ሽንኩርት ትልጣለች። ሁለቱ ጓደኞቿ ዘመድ መጥቶ ወስዷቸዋል። ሰውዬው በማግሥቱ ተለቋል። ምስክር የለም፤ ልጆቹ አናውቀውም ባሉበት ዐቃቤ ሕግ ምን ይዞ ፍርድ ቤት ይቆማል?

እኔ ሻይ እየጠጣሁ ሴትዮዋ ለልጅቷ እናት ደወለች። ድምፁ ከስልኩ ይሰማል።

«እታለም፣ ልጅሽ ደኅና ናት። እኔ ጋ ናት።»

«ማን አስቁሟት ነው?» አለች እናትየው። «የከፈልነውን ማን ሊመልስልን ነው?»

«ለማን ነው የከፈላችሁት? ስሙን ንገሪኝ፣ እኔ አስመልስልሻለሁ።»

ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፦ «የአባቷ የአክስት ልጅ ነው። አልናገርም። ጎረቤቴ ነው፣ ነገ ለቅሶዬን የሚቆምልኝ እሱ ነው።»

ሴትዮዋ አልተቆጣችም። ልጅቷ ዘንድሮ ስድስተኛን ደግማ እንድትመዘገብ ከቀበሌው ሰው ጋር እንደምትነጋገር ነግራት፣ እናትየው ግን ለማንም ዳግመኛ እንዳትከፍል ቃል አስገባቻት። እናትየውም «እሺ» አለች፣ «መሳፈሪያዋ ግን የለኝም» ብላ ጨመረች።

የማዕከሉ መኪና የሚመጣው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ከመተማ የመጣው ሚኒባስ ሹፌር ተጠራ። ሰሊጥ ጭኜአለሁ፣ ቦታ የለኝም አለ። ሴትዮዋ በትርፍ የጫናቸውን ሰዎች መቁጠር ስትጀምር ቦታው ተገኘ።

«ግማሽ ትክፈል» አለ።

«ሩብ» አለች ሴትዮዋ፣ መዝገቧን ሳትዘጋ። «እስከ ጎንደርም እጅ በእጅ ለአጎቷ ታስረክባታለህ። ታርጋህን ጽፌዋለሁ።»